ቀሚስ ያዘዘችው ደንበኛ

ቸርችል ጎዳና ላይ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ስሠራ፣ ከሱዳን የመጣች ደንበኛ ብትን ጨርቅ ይዛ ገባች። አማርኛዋ ገና ጀማሪ ነው። ባልደረባዬ ልኳን ወሰደች፤ ሴትዮዋ «ቀሚስ፣ ቀሚስ» ስትል እሷም «አራት ቀሚስ» ብላ ጻፈች።

ደንበኛዋ ለሙከራ ስትመለስ ሁለቱ ተቆርጠው አንዱ ተሰፍቶ ነበር። ረጅሙን ልብስ ስታይ ደነገጠች፤ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ «ቀሚስ እስከዚህ ነው!» አለች። የቤቱ ባለቤት «ቀሚስ ብላለች፣ ተጽፏል፤ የስፌቱን ትክፈል» አሉ።

«ጋሼ፣ ይህ ግፍ ነው» አልኳቸው። በቋንቋዋ ያለችው ትክክል ነበር። በዐረብኛ ቀሚስ ማለት የእኛ ሸሚዝ ነው፤ በቁርዓን የዩሱፍ ታሪክ ውስጥ ከኋላ የተቀደደው ልብስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እኛ ቃሉን ከዐረብኛ ተቀብለን ልብሱን ወደ ታች አስረዘምነው፤ የሴቶቹም የካህናቱም ረጅም ልብስ ቀሚስ ተባለ። ሸሚዝን ደግሞ ከፈረንሳይኛ ወሰድን። የሚገርመው፣ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው «ካሚሲያ» የሚለው የላቲን ቃል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወታደሮች ገላቸው ላይ ልክክ አድርገው የሚለብሱትን የተልባ እግር ልብስ በዚህ ስም ጠርቶታል። አንዱ በዐረብ፣ ሌላው በፈረንሳይ ዞሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ፈረንሳዮች ዛሬ ሽሚዝ የሚሉት በአብዛኛው የወንዱን ነው፤ የሴቷን ሽሚዚዬ ይሉታል። እኛ ለሁለቱም ሸሚዝ እንላለን።

ባለቤቱ ዝም ብለው አዳመጡኝ። መፍትሔው የመጣው ግን ከዋናው ቆራጫችን ነው። የተሰፋውን ከወገቡ ላይ ተረተሩት፤ ከታችኛው ጨርቅ መቀጠያ አውጥተው ላይኛውን እስከ ዳሌ አደረሱት፤ ከተረፈው ጉርድ ሠሩ። የተቆረጠውንም እንዲሁ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው በሁላችንም ፊት ሊከበር ይገባዋል።

ደንበኛዋ ሸሚዞቹን ለብሳ ፊቷ ፈካ፤ ጉርዶቹንም ወሰደች። ባለቤቱ የተጨማሪውን ስፌት ዋጋ ተዉላት። በትእዛዝ ደብተሩ ላይም «የሚያበቃው የት ነው?» የሚል መስመር አስገባን፤ ደንበኛው ቦታውን በእጁ ካላሳየ መቀስ አይነሣም።