ወደ ውጭ በኢንተርኔት ለመሸጥ ላሰባችሁ፦ ከድረ ገጹ በፊት የክፍያውን መንገድ

በኢንተርኔት ወደ ውጭ አገር መሸጥ ለምትፈልጉ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚገባ ሳታረጋግጡ አንድ ፎቶ እንኳ አትለጥፉ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። የተከታተልኩት ሥልጠና ስለ ፎቶ አነሳስ፣ ስለ ገጽ አከፋፈትና ስለ ማስታወቂያ ብዙ አስተማረን። ክፍያው ላይ ሲደርስ ግን «ባንካችሁን አነጋግሩ» ተብሎ ታለፈ።

በዕቃው በኩል ችግር አልነበረብኝም። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አብሬያቸው የምሠራቸው ሸማኔዎች አሉ። ማጉ በእጅ የተፈተለ፣ ጥለቱ ከዳር እስከ ዳር የማይዛነፍ ስካርፍ ይሠራሉ፤ የትም አገር ሥራ አጠገብ ብታስቀምጡት ያኮራል። ንግድ ፈቃዱ ወጣ፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩም አለቀ፣ ድረ ገጹን አንድ ወጣት ሠራልኝ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስቶክሆልም የምትኖር ሴት ነበረች፤ የፈለገችው አንድ ስካርፍ ነው። ፔይፓል የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ገንዘብ ሊልክበት እንጂ ሊቀበልበት አይችልም። ሴትየዋ ግን ቅን ሰው ስለነበረች በባንክ ልላክ አለች። እኔም ሽያጩ በሕጋዊ መንገድ እንዲመዘገብልኝ ብዬ ባንኮች ወደ ውጭ ለሚላክ ዕቃ የሚሰጡትን የወጪ ንግድ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ባንኬ ሄድኩ።

ቅርንጫፉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መራኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ መጀመሪያ በቅርንጫፍሽ ጨርሺ አለኝ። በመጨረሻ ወረቀቴን የተቀበለው ባለሙያ ኢንቮይሱን ገልብጦ ገልብጦ አየና «የገዢው ማኅተም የታለ?» አለኝ። ገዢዋ ድርጅት አይደለችም፣ ለራሷ የምትለብሰው ነው አልኩት። «እሱማ ገባኝ፤ ግን ያለ ማኅተምና ያለ ተፈረመ የሽያጭ ውል አይሆንም።» ስቶክሆልም ያለች አንዲት ሴት ለአንድ ስካርፍ ማኅተም ልታስቀርጽ ነው? ትእዛዙን፣ የተጻጻፍነውን ሁሉ አትሜ አሳየሁት። ኮምፒውተር ላይ ያለ ጽሑፍ ውል አይባልም አለኝ።

በሚቀጥለው ጊዜ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ን ይዤ ሄድኩ። አዋጁ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተደረገ ስምምነት በወረቀት ባለመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይደነግጋል። ባለሙያው ከርዕሱ አላለፈም። «አዋጅ ሌላ፣ መመሪያ ሌላ። ለእኛ የወረደ ነገር የለም» አለ። ኃላፊውን ጠየቅሁ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ደብዳቤ ጻፊ አሉኝ፣ ጻፍኩ፤ መልሱ ሌላ ደብዳቤ አምጪ የሚል ሆነ። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ለአንድ ኮንቴነር ቡና የተዘጋጀውን አሠራር ለአንድ ስካርፍ ሲጭኑብኝ ልክ አይደለም ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ የባንኮቹ የማስተላለፊያ ክፍያ አለ፤ ከዋጋው ላይ ሲቀነስ ለሸማኔው የሚተርፈው ኢምንት ነው። ደንበኛዬ ታግሣ ታግሣ ትእዛዙን ሰረዘች። አልፈርድባትም።

አገር በዓለም የኤሌክትሮኒክ ንግድ የምትወዳደረው በዕቃ ብቻ አይደለም። በየትኞቹ የክፍያ፣ የፖስታና የገበያ መረቦች ውስጥ እንደገባች ዕቃው ከመታየቱ በፊት ይወስናል። ኬንያ ውስጥ ያለ ሻጭ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፔይፓል ላይ የገባለትን ገንዘብ በስልክ ወደሚያንቀሳቅሰው የኤምፔሳ ሒሳቡ ያወርዳል። እኛ በኅዳር 2012 ከቻይናው የኢንተርኔት ንግድ ኩባንያ ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ መድረክ ስምምነት ተፈራርመናል፤ በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀምሯል። ሁለቱንም በደስታ ነው የተቀበልኩት። ነገር ግን ለአነስተኛ ትእዛዝ የሚሆን ቀላል የባንክ ፈቃድ ከሌለ የእኔ ሸማኔ ከቤቱ አይወጣም። የሚመለከታችሁ ሰዎች ከሌላ ሥልጠና በፊት ይህን አንድ ነገር ሥሩ።

እኔ የተሳካልኝ ሥልጠናው ከመከረኝ በተቃራኒ ስሄድ ነው። በቀጥታ ለተጠቃሚ መሸጥ የሚለውን ተውኩና አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሱቅ ካላት አንዲት ሐበሻ ጋር በጅምላ ተዋዋልኩ። እሷ ድርጅት ስለሆነች ማኅተም አላት፤ ገንዘቡን በቅድሚያ በአንድ ጊዜ ትልካለች፣ እኔ በአንድ ፈቃድ በካርጎ እጭናለሁ፣ የተናጠል ትእዛዞችን እሷ እዚያው በፖስታ ታደርሳለች። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ ላኪ ከገቢው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲይዝ ስለተፈቀደ የክር ቀለም ከውጭ ለማስመጣት ለምኜ አላውቅም። አሜሪካም ከ800 ዶላር በታች ለሆነ ጥቅል ትሰጥ የነበረውን የቀረጥ ነፃነት በነሐሴ 2017 ስታነሳ፣ አንድ በአንድ በፖስታ ይልኩ የነበሩ ጓደኞቼ ተጨነቁ፤ የእኔ ጭነት ቀድሞም በጅምላ ቀረጡ ተከፍሎበት የሚገባ ነበር።

«ስጦታ ነው ብለሽ በተጓዥ ላኪ» የሚሏችሁን አትስሙ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ አውቃለሁ። ግን በስማችሁ የተመዘገበ የወጪ ንግድ ታሪክ አይኖራችሁም፤ ነገ ብድር ስትጠይቁ የምታሳዩት ወረቀት የለም።

ውጭ ካለው ሸሪካችሁ ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ የተመለሰ ዕቃ ኪሳራ የማን እንደሆነ ጻፉ። ከሁሉ በላይ የገዢዎቹ ስምና አድራሻ፣ እነሱ ፈቅደው፣ በየወሩ ለእናንተም እንዲደርስ አስገቡበት። እኔ ይህን አንቀጽ ለማስገባት ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ እሷም መጨረሻ ላይ ፈርማለች።