ያልተተኮሰው ጥይት

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩስ ሜዳ ዋልኩ። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ያልተተኮሰው ጥይት ነው። ምላጩን ሳብኩ፤ ቀጭ አለና ዝም። ምን ሆነ ብዬ ጠመንጃውን ወደ ራሴ ላዞር ስል አሰልጣኙ፣ "አፈሙዙ ከዒላማው እንዳይነሳ! 30 ሰከንድ ጠብቅ" አለኝ። ለካ ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። እንደዚያ ረጅም 30 ሰከንድ አላውቅም።

የጆሮ መከላከያውንም አደራ። የአብዛኛው ጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ አንዲት ተኩስ ብቻ ጆሮን ለዘለቄታው ልትጎዳ ትችላለች። አንድ ጎረምሳ ለወሬ ብሎ አውልቆት ሳይ አንጀቴን በላኝ።

"ተኩስ አቁም!" ሲባል ሁሉም መሣሪያውን ባዶ አድርጎ አስቀምጦ ወደ ኋላ ይላል። ሰው ዒላማ ሊቀይር ወደፊት ሲሄድ ምንም አይነካም። ያ ዝምታ ደስ ሲል!

ስንወጣ እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው ውሃ የጠጣሁት። የጥይቱ እርሳስ እጅ ላይ ይቀራላ።