ሦስት ባትሪ ይዤ ሐመድ ኤላ

በ2004 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሰርግ እየቀረጽኩ ባጠራቀምኩት ብር ያገለገለ ካሜራ፣ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ፣ ገዝቻለሁ። ለሰው የማስተዋውቀው «ዘጋቢ ፊልም ሠሪ ነኝ» እያልኩ ነበር። ያለቀ ፊልም ግን አንድም የለኝም። እናቴ ለጎረቤት «ቪዲዮ ያነሳል» ነው የምትለው። እሷ ትክክል ነበረች።

አንድ ማስታወቂያ የሚሠራ ድርጅት ደወለልኝ። የታሸገ ውሃ፣ ቦታው ዳሎል። ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ መኪናና ነዳጅ ግን ከእነሱ። ጨው ጠራቢዎቹን ለራሴ መቅረጽ ከፈለግኩ ቆይቻለሁ፣ እዚያ መድረሻ አቅም ነው ያጣሁት። በጥር ሰርግ ትቶ በረሃ የሚወርድ ቀራጭ እብድ ነው። ሄድኩ።

ከመቀሌ በአጉላዕ አድርገን ወደ በርሃሌ ቁልቁል ወረድን። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ የጨው ሜዳው ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው። ጃኬቴን አጉላዕ፣ ሹራቤን በርሃሌ አወለቅኩ። ጨው ሜዳው አጠገብ ያለችው መንደር፣ ሐመድ ኤላ፣ ስንደርስ የሚወልቅ አልቀረኝም።

በማግስቱ ማስታወቂያው ተቀረጸ። አንድ ጠራቢ ውሃውን ጠጥቶ ፈገግ እንዲል ተፈለገ። ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው። በመጨረሻ በአስተርጓሚ ጠየቀ፦ «ልጨርሰው ወይስ መልሳችሁ ልትሞሉት ነው?» ከካሜራው ጀርባ ሆኜ ሳቄን ዋጥኩት።

እኩለ ቀን ላይ ሁሉም መኪና ውስጥ ኤሲ ከፍቶ ተቀመጠ። እኔ ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ንፋሱ ፀጉር ቤት ካስክ ውስጥ የመቀመጥ ያህል ነው። አራት ሰዎች ረጃጅም እንጨት ስንጥቁ ውስጥ ሰክተው እኩል ይገፋሉ። ቋ! ይልና የጨው ቅርፊቱ ይነሳል። ሌላው ቁጢጥ ብሎ በትንሽ መጥረቢያ ይጠርበዋል። ማስመሪያ የለ፣ መለኪያ የለ፣ አሞሌዎቹ ግን እኩል ናቸው። ጠራቢዎቹ አፋሮች ናቸው፤ ከግመል ነጂዎቹ ብዙዎቹ ከትግራይ ደጋ የወረዱ። አሞሌ በአያቶቻችን ዘመን ገንዘብ ነበር። እዚያ ቆሜ ሳየው፣ በዚህ ድካም የወጣ ነገር ገንዘብ ቢሆን አልገረመኝም።

ካሜራው ከ12 ደቂቃ በላይ በአንድ ትንፋሽ አይቀርጽም። እኔ እሱን ስቆጥር የሙቀት ምልክቱ ቀድሞ በራ። ዞር ስል ሾፌራችን ዣንጥላ ይዘው መጥተዋል። ጥላውን ካሜራው ላይ አደረጉት። እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆሙ።

«ጋሼ፣ ለራስዎ ያድርጉት እንጂ!»

«እኔ ባትሪ የለኝም» አሉ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ኤዲቲንግ ላይ ተቀመጥኩ። የድምፅ መቅጃ ስላልነበረኝ ሁሉም የገባው በካሜራው ማይክ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ንፋስ። ደህና የወጣው አንድ ሾት ነው፣ ጠራቢው መጥረቢያውን አሳርፎ ግንባሩን ሲጠርግ። እዚያው ላይ ጋሼ ጣልቃ ይገባሉ፦ «ኧረ በቃህ ልጄ፣ ትደፋለህ!»

ድምፃቸውን ለማጥፋት ሁለት ሌሊት ታገልኩ። በሦስተኛው እንዳለ ተውኩት።