የማትፈነዳዋ ጥይት

ዛሬ ጋሼን ዳላስ አቅራቢያ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ይዣቸው ሄጄ ነበር። ሌሊት ሌሊት ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ለሽጉጥ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጁ ነው። የቴክሳሱ ፈተና 50 ጥይት ነው፦ 20 ከ3 ያርድ፣ 20 ከ7፣ 10 ከ15። ከ250 ነጥብ 175 ያመጣ ያልፋል።

አሠልጣኙ ሳይነግራቸው የሽጉጡ ካዝና (ጥይት መያዣ) ውስጥ አንዲት የማትፈነዳ የልምምድ ጥይት ቀላቀለ። ሲተኩሱ ቆይተው ተራዋ ደረሰ። ምላጩን ሳቡ፤ "ቀጭ" ብቻ። ድምፅ የለ፣ ግፊት የለ። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ዘቅ አለ። እጃቸው ፍንዳታውን እየጠበቀ ቀድሞ ደንግጧል።

ጋሼ ሽጉጡን ቀስ ብለው አስቀመጡና እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። "ልጄ፣ ይሄ እጅ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ቢሆንስ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አሠልጣኙን እንደገና እንዲያጎርስላቸው ጠየቁት።

እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው አብዛኛው ሰው ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ይችላል። ጋሼን ማንም አላስገደዳቸውም። "ሳልፈተን አልታጠቅም" ብለው ነው የመጡት፤ ለዚህ ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

ሌሊት ሱቅ የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለመታጠቅ ካሰባችሁ አሠልጣኛችሁ ይህችን ልምምድ እንዲያሠራችሁ ጠይቁት።