የ«ቢ» ቁልፍ ጉድ

ትናንት ማታ በገዛ እጄ ጉድ ሠራሁ። በገዛ አውራ ጣቴ ብል ይሻላል።

ሰሞኑን ፖክሞን ሬድን ከዜሮ ጀምሬያለሁ፤ ፖክሞን የሚባሉ አውሬዎችን እየያዝክ የምታዋጋበት ጌም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ ጌም ቦይ ለሚባለው የእጅ መጫወቻ የወጣው፣ የመጀመሪያው። ዛሬ የፖክሞኖቹ ቁጥር ከሺህ አልፏል። እኔ ግን የድሮዎቹ 151 ይበቁኛል፤ እነሱንም ቢሆን አንድ ቀን ሰብስቤ ጨርሼ አላውቅም።

ጌሙ ውስጥ፣ ሙን ተራራ ግርጌ ባለው የፖክሞን ማዕከል፣ አንድ ሰውዬ ማጂካርፕ የሚባል ዓሣ በጌሙ ገንዘብ በ500 ይሸጣል። ዓሣው ከመንፈራገጥ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ቢንፈራገጥም ጠላትን አይነካ። ሰውዬው አጭበርባሪ መሆኑን እያወቅኩ ገዛሁት። ምክንያቱም ይሄ ዓሣ ሌቨል 20 ሲደርስ ጋያራዶስ ይሆናል። ጋያራዶስ ደግሞ ወንዝ የሚያህል ቁጡ ዘንዶ ነው።

መከራው እዚያ ማድረሱ ነው። የምትረከበው በሌቨል 5 ነው። ከፊት አሰልፈዋለሁ፤ ውጊያው ሲጀመር አውጥቼ ሌላውን አስገባለሁ። ጓደኛው ተዋግቶ ሲያሸንፍ፣ እሱ ብቅ ብሎ ስለታየ ብቻ ነጥቡን እኩል ይካፈላል። (ሥራ ቦታም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም።) ሌቨል 15 ላይ መጋጨት ሲማር ግን፣ አልዋሽም፣ የወለድኩት ያህል ኮራሁ።

አሁን ወደ ጣቴ ልመለስ። አውሬ ለመያዝ ኳስ ስወረውር፣ ኳሱ እየተወዛወዘ ሳለ የጌም ቦዩን «ቢ» ቁልፍ ጥብቅ አድርጌ እጫናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ምንም እንደማይረዳ አሳምሬ አውቃለሁ። አውሬው የቀረው ጉልበት፣ መተኛቱ ወይም መደንዘዙ፣ የኳሱ ዓይነት፣ ከዚያ በኋላ ዕድል ነው። ጭንቅላቴ ይሄን ያውቃል። ጣቴ ግን አልሰማም። ልቤ በመታ ቁጥር ራሱ ይሄዳል።

ትናንት እኩለ ሌሊት ገደማ ማጂካርፕ ሌቨል 20 ገባ። ሙዚቃው ተቀየረ። ዓሣው ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ልቤ መታ። ጣቴም ሄደ።

ፖክሞን ሲለወጥ «ቢ»ን መጫን ማለት «ተው፣ አትለወጥ» ማለት ነው።

ብልጭታው ቆመ። ዓሣው እዚያው ዓሣ ሆኖ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ተናደድኩ። ቀጥሎ ጌሙን ዘግቼ ተኛሁ።

ደግነቱ ቀጣዩ ሌቨል ላይ ሌላ ዕድል አለ። ግን ከ20 ወደ 21 ለመድረስ ከ1,500 በላይ ነጥብ ይፈልጋል። ዛሬ ማታ ደግሞ ከፊት ማሰለፍ፣ ማውጣት፣ ማስገባት። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ።

በመጨረሻ ሙዚቃው ሲቀየር ጌም ቦዩን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከወንበሬ ተነሣሁ። ሁለት እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ፣ ቆሜ አየሁት።