አኩኛን አንደኛ መርጬ የጀመርኩት የቤዝቦል ፋንታሲ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ቤዝቦል ግን እስከ 2024 ድረስ ቲቪ ላይ ሳየው ቻናል የምቀይርበት ነገር ነበር። መስሪያ ቤታችን ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ሌላ ወሬ የለም። እኔ ምሳዬን በልቼ ውልቅ እል ነበር።

በዚያ ዓመት ማርች ላይ የፈረቃ አለቃችን ጠሩኝ። ስልሳን ያለፉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቤዝቦል በሬዲዮ ሲሰሙ ያደጉ ትልቅ ሰው ናቸው። "ለቤዝቦል ፋንታሲ ሊጋችን አስራ አንድ ሰው አለን፣ አንድ ጎድሎናል። ትገባለህ?" አሉኝ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ለዓመታት ተጫውቻለሁ፤ እውነተኛ ተጫዋቾችን መርጠህ የራስህን ቡድን ትሰራለህ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚያስመዘግቡት ቁጥር አንተ ነጥብ ታገኛለህ። ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኩ።

ለካ ይከብዳል። በፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ ሳላህን እኔም፣ ታናሽ ወንድሜም፣ ጎረቤቱም መያዝ እንችላለን። በቤዝቦሉ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ከወሰደው አለቀ። ደግሞ በሳምንት አንዴ አሰላለፍ አስተካክሎ መተኛት የለም። እያንዳንዱ ቡድን በስድስት ወር ውስጥ 162 ጨዋታ ይጫወታል። በየቀኑ ማለት ይቻላል።

የኛ ሊግ ሮቲሰሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ኒው ዮርክ ከነበረ አንድ ምግብ ቤት ነው። ዳንኤል ኦክረንት የሚባል ጸሐፊና ጓደኞቹ በ1980 ይህን ጨዋታ ሲጀምሩ እዚያ ይገናኙ ነበር። ነጥቡ በአስር መስክ ይቆጠራል። ለመቺዎች አምስት፦ ሆም ራን (ኳሱን ከአጥር ውጭ የመቱበት)፣ ያስቆጠሩት ራን (በሜዳው ማዕዘን ያሉትን ቤዞች ዞረው በመግባት ያገኙት ነጥብ)፣ በምታቸው ጓደኞቻቸውን ያስገቡበት፣ የሰረቁት ቤዝ (ምት ሳይጠብቁ ሮጠው የያዙት ቀጣይ ቤዝ)፣ የመምታት አማካይ። ለፒቸሮች ማለትም ለወርዋሪዎቹ አምስት፦ ድል፣ ሴቭ (መጨረሻ ላይ ገብቶ ቡድኑ የያዘውን ድል ማስጠበቅ)፣ ስትራይክአውት (መቺውን ኳሱን ሳያስመቱ ማስወጣት)፣ ኢአርኤ፣ ዊፕ። ኢአርኤ በዘጠኝ ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ሙሉ ጨዋታ ልክ፣ ፒቸሩ ላይ ስንት ራን እንደሚቆጠርበት ነው። ዊፕ በአንድ ኢኒንግ ስንት ሰው ቤዝ ላይ እንደሚያወጣ። በእያንዳንዱ መስክ አንደኛ የወጣ 12 ነጥብ፣ መጨረሻ የወጣ 1 ነጥብ ያገኛል። ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያኔ በደንብ ባስብባት ኖሮ ዓመቱ ሌላ ይሆን ነበር። እመለስበታለሁ።

ድራፍቱ፣ ማለትም ተጫዋቾቹን በተራ የምንመርጥበት፣ እሁድ ማርች 24 አለቃችን ቤት ነበር። ሁዳዴ ላይ ነን። ጠረጴዛው ላይ ፒዛና የዶሮ ክንፍ ሞልቷል። እኔ ሽሮና እንጀራ በምሳ ዕቃ ይዤ ሄጃለሁ። ዕጣ ሲወጣ አንደኛው ለኔ ደረሰኝ። ሁሉም አጨበጨበ። አንደኛ ማለት ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር ማለት ነበር፤ አትላንታ ብሬቭስ፣ በ2023 ውድድር 41 ሆም ራንና 73 የተሰረቀ ቤዝ። በአንድ ዓመት 40 እና 70 ያለፈ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም። የሊጉም ኮከብ ተብሎ ተመርጧል። ሳላመነታ ስሙን ነካሁት።

ከዚያ ረጅም ጥበቃ ነው። ተራው አስራ ሁለተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ወደ ኋላ ይዞራል። አንደኛ የመረጠ ሰው ቀጥሎ የሚደርሰው 24ኛው ላይ ነው። ከዚያም 25ኛውን አከታትሎ ይወስዳል። 22 ሰው ሲያልፍ በወረቀት የጻፍኳቸው ስሞች አንድ በአንድ ተሰረዙ። ተራዬ ሲደርስ 90 ሰከንድ ተሰጠኝ። ጣቴ ሽሮ ነክቶት ስክሪኑ አልሰራ አለ። በሶፍት ጠርጌ የሲንሲናቲውን ኤሊ ዴ ላ ክሩዝን ወሰድኩ፣ ወዲያው ደግሞ የፊላዴልፊያውን ፒቸር ዛክ ዊለርን። ሁለቱም እስከ መጨረሻው አኮሩኝ። ኤሊ 67 ቤዝ ሰርቆ ዓመቱን በአንደኝነት ጨረሰ። ዊለር 2.57 ኢአርኤና 224 ስትራይክአውት ይዞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዙሮች ግን የስህተት ክምር ናቸው። ስሙን የሰማሁትን ሁሉ ያዝኩ። ድሮ ኮከብ የነበረ፣ አሁን በሳምንት ሦስቴ የሚሰለፍ። ጥሩ ፒቸር ግን ትከሻው የታመመ። ክሎዘር፣ ማለትም ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ገብቶ ድሉን የሚዘጋውን ፒቸር፣ አንድም አልያዝኩም። በአንድ ጨዋታ አንድ ኢኒንግ የሚሰራ ሰው ምን ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። ሴቭን የሚያመጣው እሱ ብቻ መሆኑ አልገባኝም።

በመጀመሪያው ወር 11ኛ ነበርኩ። አለቃችን አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን አስቀምጠው በወረቀት አሳዩኝ። "ተጫዋች አትግዛ" አሉኝ፣ "የስራ ቦታ ግዛ።" ቡድኑ ውስጥ አንደኛ ሆኖ የሚመታ ሰው ዘጠነኛ ሆኖ ከሚመታው በዓመት ከመቶ በላይ ተጨማሪ ጊዜ ለመምታት ይቀርባል። ችሎታቸው እኩል ቢሆን እንኳ ቁጥራቸው እኩል አይሆንም። ዘጠነኛውን ኢኒንግ የተሰጠው ፒቸር ሴቭ ያገኛል። ከሱ የሚሻል ፒቸር ሰባተኛው ላይ ከገባ ምንም የለም።

ይህ ነገር እኔ ላይ በደንብ ገባ። እዚህ አገር ስመጣ ዲግሪ ይዤ ነበር፣ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። ስንት ሰዓት ትሰራለህ፣ የትኛው ፈረቃ ላይ ነህ፣ ጥያቄው ይሄ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ማየት ትቼ አሰላለፍ ማየት ጀመርኩ። አሰላለፉ ብዙ ጊዜ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ይወጣል። የእረፍት ሰዓቴ ላይ ቡናዬን ይዤ አየዋለሁ። ያገኘሁት የመጀመሪያ ሰው ጁሪክሰን ፕሮፋር ነው። በ2013 ከታዳጊዎች ሁሉ አንደኛ የተባለ ልጅ ነበር። በኋላ ግን ሲንከራተት ኖረ። ሳንዲያጎ ለ2024 በአንድ ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው ያስፈረመው። ይህ በዚያ ዓለም ኪስ ውስጥ የቀረ ሳንቲም ነው። በኛ ሊግ ማንም አልመረጠውም። እኔ ያየሁት በየቀኑ የግራ ሜዳውን ይዞ መሰለፉን ብቻ ነው። ወሰድኩት። 24 ሆም ራን፣ 85 ጓደኛ ማስገባት፣ .280 አማካይ። በ31 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮከቦቹ ጨዋታ ላይ ተመረጠ። በዚህ ልጅ የተደሰትኩትን ያህል በማንም አልተደሰትኩም።

ሁለተኛው ከርቢ ዬትስ ነው። ቴክሳስ ሬንጀርስ ዓመቱን ሲጀምር ክሎዘሩ ሆሴ ሌክለርክ ነበር። ሌክለርክ ገና በመጀመሪያው ተንገዳገደ። ኤፕሪል ላይ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ማን እንደሚገባ ማታ ማታ ሳይ ዬትስ ነው። 37 ዓመቱ ነበር፣ ማንም አላየውም። 33 ሴቭ አመጣልኝ።

ጥፋቴን ደግሞ ልንገራችሁ። ሜይ ውስጥ ስትራይክአውት ፈልጌ ማንም ካልያዛቸው መሀል አንድ ፒቸር አንስቼ አሰለፍኩ። የሚጫወተው ዴንቨር መሆኑን አይቻለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። የኮሎራዶ ሮኪስ ስታዲየም ኩርስ ፊልድ ከፍታ ላይ ነው። ላይኛው ፎቅ አንዱ የወንበር ረድፍ ሐምራዊ ነው፤ ልክ አንድ ማይል፣ 1609 ሜትር መድረሱን ያሳያል። አየሩ ስስ ነው። የተመታ ኳስ ሩቅ ይበራል፣ የሚጠማዘዝ ውርወራ ደግሞ እንደ ሌላው ቦታ አይጠማዘዝም። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበት ያለው ክፍል ውስጥ ያስቀምጣሉ፣ ያም ሆኖ ሜዳው የመቺዎች ነው። የኔ ፒቸር ሦስተኛውን ኢኒንግ እንደጨረሰ ወረደ። በሦስት ኢኒንግ ሰባት ራን። ሒሳቡ 21.00 ኢአርኤ ነው። የዊለርን የሁለት ሳምንት ድካም በአንድ ማታ አፈሰሰው። የሚያናድደኝ አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው መሆኔ ነው። ከፍታ ላይ አየር እንደሚሳሳ ለኔ ማን ይንገረኝ?

ሜይ 26 እሁድ ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ቡና ተፈልቷል። ብሬቭስ ፒትስበርግ ላይ ይጫወታል። አኩኛ ገና በመጀመሪያው ኢኒንግ ኳሱን መትቶ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሟል። ወደ ሦስተኛው ሊነሳ ሲል ቆም አለ። ጉልበቱ ከዳው። ማንም አልነካውም። ሜዳው ላይ ተቀመጠና እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በ2021 የቀኙ ተበጥሶ ነበር፣ ይሄ የግራው ነው። ዓመቱ አለቀ። እኔ ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ "ከአገር ቤት ክፉ ወሬ መጣ እንዴ?" አለችኝ።

ያን ማታ ሁለት ሰዎች የልውውጥ ጥያቄ ላኩልኝ። ሁለቱም ደንግጧል ብለው የላኩት ነው። አልመለስኩም። በማግስቱ የዴንቨሩ ቁስል ትዝ አለኝ። ለፒቸር መርዝ የሆነ ሜዳ ለመቺ ማር ነው። ሮኪስ ውስጥ በየቀኑ የሚሰለፈው ማነው ብዬ ፈለግሁ። ብሬንተን ዶይል። የመሀል ሜዳ ተከላካይነቱ እጅግ ጥሩ ስለሆነ፣ መምታት ቢያቅተው እንኳ አሰልጣኙ አያስቀምጠውም። ቦታው የተጠበቀ ነው ማለት ነው። በኛ ሊግ ማንም አልያዘውም ነበር። ዓመቱን በ23 ሆም ራንና በ30 ስርቆት ጨረሰ። አኩኛ አይደለም። ግን በየቀኑ አለ።

ጁላይ 1 አለቃችን የዋሽንግተን ናሽናልስ ቡድን የሚጫወትበት ናሽናልስ ፓርክ ይዘውኝ ሄዱ። ስታዲየም ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን ጄምስ ውድ የሚባል እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ ልጅ ለናሽናልስ የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ሁለት ሜትር ቁመት አለው። ሲሮጥ ግን እንደ አጭር ሰው ነው። ቤዙ ከሩቅ ምን ያህል እንደሚያክል ያየሁት ያኔ ነው። በ2023 ሕጉ ሲቀየር የጎኑ ስፋት ከ38 ወደ 46 ሴንቲሜትር አድጓል። ፒቸሩም የሰዓት ገደብ ተደርጎበታል፣ ሯጩን ለመያዝ እንደልቡ ወደ ቤዝ መወርወር አይችልም። ኤሊ እንደዚያ የሚሰርቀው እግሩ ብቻ ስለፈጠነ አይደለም፣ በሩም ስለሰፋለት ነው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልመለስ። ኦገስት ላይ በስርቆት አንደኛ ነበርኩ፣ ሁለተኛውን በ41 እበልጠዋለሁ። ኩራቴ ሌላ ነበር። አለቃችን ሰንጠረዡን አሳዩኝ። በ41 መብለጥም በ1 መብለጥም ያው 12 ነጥብ ነው። 40ው ስርቆት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ብር ነው። በሆም ራን ግን ስምንተኛ ነኝ፣ ከላዬ ያሉት አራት ሰዎች በ12 ሆም ራን ውስጥ ናቸው። ኤሊን ሰጥቼ አንድ ጠንካራ መቺ ብቀበል ስርቆቱን ሳላጣ አራት ነጥብ እወጣለሁ። ጥያቄውም መጥቶልኝ ነበር። ኤሊን መስጠት አቃተኝ። ቀኑ አለፈና ልውውጥ ተዘጋ። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲደውል ነገርኩት። "ጋሼ፣ ፍቅር ይዞህ ነው" አለኝ። ልክ ነው።

ሴፕቴምበር 19 ደግሞ ከፊቴ ያለው ሰው ቡድን ውስጥ ያለው ሾሄ ኦታኒ ማያሚ ላይ በአንድ ጨዋታ ሦስት ሆም ራን መታ፣ ሁለት ቤዝ ሰረቀ፣ አስር ራን አስገባ። በዚያው ቀን 50 ሆም ራንና 50 ስርቆት ያለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ቢሸነፉም ማየት የሚያስደስት ቀን አለ።

አምስተኛ ወጣሁ። ሦስተኛው የበለጠኝ በሦስት ነጥብ ተኩል ነው።

የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 29 እንደገና ናሽናልስ ፓርክ ነበርን፣ ከፊላዴልፊያ ጋር። የኛ ሊግ ደረጃ የማይለወጥበት ደርሷል፣ ምንም የምጠብቀው የለም። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ግን ተነስቼ አንገቴን አሰገግሁ። አለቃችን "ምን ታያለህ?" አሉኝ። ከቀኝ ሜዳው ጀርባ የትኛው ፒቸር እየተሟሟቀ እንደሆነ እያየሁ ነበር።