ጌሾ ያነሰው ወይን

ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ የምትኖረው እህቴ ለጥምቀት ስትመጣ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ መጣች። ከሊዮን በስተሰሜን ካለው ከቦዦሌ ነው። የወይን ዘሩ ጋሜ ይባላል።

አንዱን ባሕር ዳር ልቀበላት ወርጄ በቀትር ከፈትነው። መኪና ውስጥ ሲንገላታ የዋለ ጠርሙስ ነው። አልኮሉ አፍንጫ ላይ ወጣ፤ ሌላ ጣዕም የለውም። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ለዚህ ነው እንዴ አልኩ፣ በሆዴ።

ሁለተኛውን ደብረ ማርቆስ ይዘነው ገባን። ማታ መብራት ጠፋ። ግድ የለም፣ የማርቆስ የጥር ሌሊት ራሱ ፍሪጅ ነው። ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሬ ደጅ አቆምኩት። ራት ሲቀርብ ብርጭቆውን ወደ ሻማው ብይዘው ጣቶቼ ከወዲያ ይታያሉ። ሲሸተት እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ያው ወይን ነው፣ ሙቀቱ ነበር የገደለው! ጋሜ ቀዝቀዝ ሲል ነው የሚጠጣው።

አክስቴ ጠላ ጠማቂ ናት። አንዴ ፉት አለችና፦ «ጌሾው ምነው አነሰ?»

ልክ ናት። የቀይ ወይን ጌሾው ታኒን ነው፤ አፍ የሚያደርቀው እሱ ነው፤ ጋሜ ደግሞ ትንሽ ነው ያለው። አሠራሩም ያግዘዋል፦ ዘለላው ሳይጨመቅ እንዳለ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሞላበትና ይዘጋል፤ መፍላት የሚጀምረው እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ ነው። «እኛስ የጋኑን አፍ ደፍነን አይደል የምናቆየው?» አለች።

ጉሽም አላቸው። የዓመቱ አዲስ ወይን፣ ቦዦሌ ኑቮ የሚሉት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ሦስተኛ ሐሙስ ይወጣል። የኛ ኅዳር ሚካኤል ሰሞን መሆኑ ነው። እንደ ጉሽ ቶሎ መጠጣት አለበት።

ድሮ ግን ተንቆ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ጋሜ ተነቅሎ ይጣል ብሎ አዘዘ። ፍሬው ይበዛል፣ ወይኑ ግን የቡርጎኝ ኩራት የሆነውን የሌላውን የወይን ዘር፣ የፒኖ ኗርን ስም ያጠፋል ነው ነገሩ። (የጄኔቲክ ምርመራ ከመጣ ወዲህ ፒኖ ኗር ወላጁ ሆኖ ተገኘ!) ጋሜ ወደ ደቡብ ተገፍቶ የቦዦሌ ግራናይት ድንጋያማ ኮረብታ ተስማማው።

ራት ዶሮ ወጥ ነበር። ታኒን የበዛበት ወይን በርበሬውን ያባብሰዋል፤ ይሄ ግን አፌን አበረደልኝ። ከዶሮ ጋር ከዚህ የተሻለ ቀይ ወይን ጠጥቼ አላውቅም።

አክስቴ ጠላዋን አልለወጠችም። ባዶውን ጠርሙስ ግን ለቅልቃ አረቄ ሞላችበት። እህቴ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ገብቶ ሊዮን ሄደ።